ጉም ቆሞ አያውቅም

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሱሉልታ ውስጥ ለተሰበሰቡ የአትክልት ወዳጆች ያደረግኩት ንግግር ነው። በስልክ የተቀዳውን እየሰማሁ እንደተናገርኩት አሰፈርኩት።

እንደምን ዋላችሁ? አካም ኦልተን?

በዚህ ጭቃና በዚህ ብርድ፣ ቤታችሁ ቡና አፍልታችሁ መዋል ስትችሉ እዚህ ድረስ መጥታችሁልኛል። እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ከኋላ የቆማችሁ ወጣቶች፣ ወንበር አለ፣ ወደ ፊት ኑ። ልጆቹንም አታርቋቸው። ዛሬ የማሳያችሁ ነገር በጣም ትንሽ ነው። የልጅ ዓይን ከእኛ ይሻላል።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሁላችሁም ወደ መስኮቱ ዞር በሉልኝ። ምን ይታያችኋል?

ምንም። መንገዱ የለም። ባሕር ዛፉ የለም። ጠዋት የነበረው ተራራ የለም። ሁሉንም ጉም ውጦታል።

ገና አትዙሩ። ትንሽ ቆይታችሁ እዩት። ቆሟል? አልቆመም። ይሄዳል። ከእንጦጦ በኩል ይመጣል፣ ሜዳውን ያቋርጣል፣ አጥሩን አልፎ ይሄዳል። ከኋላው ሌላ ይመጣል። እዚህ አገር ከብት የጠበቀ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ጉም ቆሞ አያውቅም።

ይህቺን ነገር ያዙልኝ። ጉም ቆሞ አያውቅም። እኔ ይህቺን አንድ ነገር ለመማር ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

እሺ፣ አሁን ወደ ኦርኪድ እንግባ። ኦርኪድ ሲባል ብዙዎቻችሁ ትልልቅ ሆቴሎች መግቢያ ላይ የሚቀመጠውን ነጭ ወይም ሐምራዊ አበባ ታስባላችሁ። እሱም ኦርኪድ ነው። ግን የሞቃት አገር ዘመድ ነው። ዓለም ላይ ወደ 28,000 የሚጠጉ የኦርኪድ ዝርያዎች አሉ። ኬክ ውስጥ የምትቀምሱት ቫኒላ እንኳ የኦርኪድ ፍሬ ነው። እኔ ዛሬ የማወራው ስለ ትንንሾቹ ነው። የጉም አገር ልጆች ስለሆኑት።

ምን ያህል ትንሽ? ፕላቲስቴሌ የሚባሉ ኦርኪዶች አሉ። ከእነሱ የትንሿ አበባ 3 ሚሊ ሜትር አትሞላም። ሁለት ሦስት የጤፍ ፍሬ ጎን ለጎን ደርድሩ። በቃ ያ ነው። እዚያች ውስጥ ግን ሁሉም ነገር አለ። ሦስት የውጭ ቅጠል፣ ሁለት የውስጥ ቅጠል፣ አንድ ከንፈር። በሆቴሉ አበባ ላይ ያለው ሁሉ በጤፍ ልክ ተሠርቶ ታገኙታላችሁ።

ሌፓንቴስ የሚባሉም አሉ። እኔ ነፍሴ እስኪጠፋ የምወዳቸው እነዚህን ነው። ከ1,000 በላይ ዝርያ አላቸው። ከሜክሲኮ ጀምሮ እስከ ቦሊቪያ ድረስ ይገኛሉ። አበባቸውን ብዙውን ጊዜ ቅጠሉ ላይ ወይም ቅጠሉ ጀርባ ላይ ያስተኙታል። ልጇን ያዘለች እናት ታውቃላችሁ አይደል? ልክ እንደዚያ ነው። በአጉሊ መነጽር ስታዩት ብርቱካናማ፣ ቀይ፣ ቢጫ ጥልፍ ነው።

ታዲያ ማን ያያታል? ምስር የምታክል አበባ፣ በጉም ውስጥ፣ ቅጠል ላይ ተኝታ፣ ማን ያገኛታል? ንብ? ቢራቢሮ? አይደለም። ትንኝ ናት። ኮስታ ሪካ ውስጥ ሁለት ተመራማሪዎች ይህን ሲከታተሉ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ2005 ጽፈውታል። አበባዋ ሴት ትንኝ ትመስላለች። ወንዱ ትንኝ ሙሽራ አገኘሁ ብሎ ይመጣል። ሲሄድ የአበባዋን ብናኝ ተሸክሞ ይሄዳል። ሌላዋ አበባ ጋም እንዲሁ ሙሽራ አገኘሁ ብሎ ያርፋል፣ ብናኙን እዚያ ያደርሳል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከጥፍራችሁ ባነሰ ቦታ ላይ ነው። ይህን ያነበብኩ ቀን ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አሁን እነዚህን እንዴት እዚህ፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ፣ እናሳድጋለን? ሦስት ነገር እነግራችኋለሁ። አንደኛ ብርድ። ሁለተኛ ውኃ። ሦስተኛ ንፋስ። ብዙ የምቆየው ሦስተኛው ላይ ነው። ለምን እንደሆነ ስደርስበት ይገባችኋል።

አንደኛው ብርድ ነው። እነዚህ ተክሎች አገራቸው የት ነው? ኮሎምቢያ፣ ኢኳዶር፣ ፔሩ። የአንዲስ ተራሮች። ብዙዎቹ ከ1,500 እስከ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ይበቅላሉ። የኢኳዶር ዋና ከተማ ኪቶ 2,850 ሜትር ላይ ናት። አዲስ አበባስ? 2,350 ገደማ። እኛ አሁን የተቀመጥንበት ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። እነሱ ምድር ወገብ ላይ ናቸው፣ እኛም ሩቅ አይደለንም። ቀናችን 12 ሰዓት፣ ሌሊታችን 12 ሰዓት ነው፤ የእነሱም እንዲሁ። ቀን ለስለስ ያለ ፀሐይ፣ ሌሊት ብርድ።

ይህ ብርድ ምን ያደርጋል መሰላችሁ? ተክል ቀን በብርሃን ስኳር ይሠራል። ሌሊት ከዚያው ይበላል። ሌሊቱ ሲሞቅ ብዙ ይበላል። ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ጥቂት ይበላል፣ የተረፈውን ለቅጠልና ለአበባ ያውለዋል። የተራራ ኦርኪድ በሞቃት ሌሊት ያገኘውን ሁሉ በልቶ ያድራል። እንደዚያ እያለ ይከሳል፣ ይሞታል። ስለዚህ ሞቃት አገር ያሉ ወዳጆቻችን ለእነዚህ ተክሎች ሲሉ ማቀዝቀዣ ይገዛሉ። የተክሉን ሣጥን ከማቀዝቀዣ ማሽን ጋር ያያይዛሉ። ለኤሌክትሪክ ይከፍላሉ። እኛስ ምን እናደርጋለን? መስኮት እንዘጋለን። በቃ። እነሱ በገንዘብ የሚገዙትን ሌሊት እኛ ተኝተንበት እናድራለን።

የእኔ ክፍል በሌሊት ከ11 እስከ 14 ዲግሪ ይሆናል። ቀን 20 ወይም 22 ይደርሳል። ለእነሱ ይህ ምቾት ነው። ከ28 በላይ ግን አይወዱም። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሲመጣ ደግሞ ሣጥኑ ውጪ በረንዳ ላይ አይደር። ቤት ውስጥ፣ ከሲሚንቶው ወለል ከፍ ብሎ፣ ጠረጴዛ ላይ ይሁን።

ስለ ፀሐይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ይህ እኔ ላይ የደረሰ ነው። ወሩ ጥቅምት ነበር። ሣጥኑን መስኮት አጠገብ አስቀምጬዋለሁ፣ ብርሃን ያግኝ ብዬ። ጠዋት ጎረቤት ለቅሶ ልደርስ ወጣሁ። ቶሎ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ለቅሶ ቤት እንዴት ቶሎ ይወጣል? ስመለስ ፀሐይዋ በቀጥታ መስታወቱ ላይ ወጥታለች። ቴርሞሜትሩ 41 ይላል። ውጪው 23 ነበር። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ከፍታችሁ ታውቃላችሁ? ያ ነው። አንዷ ተክል ቅጠሏ የተቀቀለ ጎመን መስሎ ነበር፤ አልተረፈችም። እባካችሁ፣ እባካችሁ፣ የመስታወት ሣጥን ፀሐይ ላይ አታስቀምጡ። ብርሃን ከፈለጋችሁ ነጭ ኤልኢዲ መብራት ከላይ አድርጉለት። 12 ሰዓት ያብራ፣ 12 ሰዓት ይጥፋ።

ሁለተኛው ውኃ ነው። ከ2,500 ሜትር በላይ ነን አልኩ፣ ብርዱም አለን አልኩ። ታዲያ ለምን እነዚህ ኦርኪዶች አጥራችን ላይ በራሳቸው አይበቅሉም? በአንዲስ ጉሙ ዓመቱን ሙሉ ይመላለሳል። የእኛ ጉም ግን የክረምት እንግዳ ነው። ሰኔ ይመጣል፣ መስከረም ይሄዳል። ጥር ላይ አየሩ ምን ይመስላል? ከንፈራችን ይሰነጠቃል። እጃችን ቅባት ካላገኘ ይነጣል። በዚያ አየር ውስጥ ጤፍ የምታክል አበባ አንድ ቀን አትውልም። መስታወቱ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ብርዱ ተሰጥቶናል። ሣጥኑ የሚጨምርልን የጎደለውን እርጥበት ነው። ከ70 እስከ 90 በመቶ የአየር እርጥበት ይበቃቸዋል።

የጉም ውኃ እንዴት እንደሚጠጣ ያየሁት ሱባ ደን ውስጥ ነው። መናገሻ ሱባ የሄደ አለ? እጃችሁን አሳዩኝ እስቲ። ጥሩ። ያልሄዳችሁ ሂዱ። ከወጨጫ ተራራ ላይ ነው። ዘሩ ከወፍ ዋሻ መጥቶ በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ የተተከለ ደን ነው ተብሎ ሲነገር ኖሯል። እዚያ አንድ የነሐሴ ጠዋት ትልቅ ጥድ ሥር ቆምኩ። ዝናብ የለም። ጉም ብቻ ነው። መንገዱ ደረቅ ነው ማለት ይቻላል። ጥዱ ሥር ግን ይዘንባል! ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። ቀና ብዬ አየሁ። ቅርንጫፉ ላይ የተንጠለጠለው የዛፍ ሽበት፣ ግንዱን የሸፈነው ለስላሳ አረንጓዴ ሞስ፣ ሁሉም ጉሙን እያበጠረ ውኃ ያወርዳል። ጉሙ ያልፋል፣ ሽበቱ ያበጥረዋል፣ ዛፉ ይጠጣል። እዚያ ቆሜ ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ነጠላዬ ርሷል።

በነገራችን ላይ ባሕር ዛፍ ሥር ይህን አታዩም። ለምን መሰላችሁ? ባሕር ዛፍ ቅርፊቱን ይጥላል። በየዓመቱ ይላጣል። ሞሱ ልያዝ ሲል ቤቱ ከእግሩ ሥር ይወድቃል። የጥድ፣ የወይራ፣ የቡና ግንድ ግን ቅርፊታቸው ሸካራ ነው፣ አይለቅም። ለሣጥናችሁ እንጨት ስትፈልጉ ይህን አስታውሱ። እኔ የደረቀ የወይራ ቅርንጫፍ ነው የተጠቀምኩት። ጠንካራ ስለሆነ እርጥበት ውስጥ ቶሎ አይበሰብስም። ተክሏን በጥቂት ሞስ ጠቅልላችሁ በቀጭን ናይለን ክር ቅርንጫፉ ላይ እሰሯት። አፈር አትስጧት። እነዚህ ኦርኪዶች በአገራቸው ዛፍ ላይ ነው የሚኖሩት። ሥራቸው አየር ይፈልጋል።

ውኃው ግን የትኛው ይሁን? የዝናብ ውኃ። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ታውቃላችሁ። የጉድጓድ ውኃ የምትጠቀሙ በደንብ ታውቁታላችሁ። ያ ነጭ ነገር መስታወቱም ላይ ይጋገራል፣ ሥሩም ላይ ይጋገራል። እኔ በክረምት ከቆርቆሮው በአሸንዳ ወደ ሮቶ አጠራቅማለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ዝናቦች አላጠራቅምም። የበጋው አቧራ ይጠብ። ከዚያ በጄሪካን ሞልቼ፣ ጨለማ ቦታ አስቀምጬ፣ እስከ ግንቦት እደርሳለሁ። ለአንድ ሣጥን ብዙ ውኃ አይፈጅም። የምረጨው ፀጉር ቤት በሚጠቀሙባት መርጫ ነው። ጠዋት ጠዋት። ማዳበሪያ ከፈለጋችሁ በጣም፣ በጣም የቀጠነ ይሁን። ዕቃው ላይ ከተጻፈው ሩቡን። ለማሳ የሚሆነውን ዩሪያ በፍጹም አትንኩ። አንድ ወዳጄ ደግ አደረግሁ ብላ ጨምራባት፣ በሳምንቱ ሥሩ ጠቁሮ አገኘችው።

አሁን ሦስተኛው ላይ ደረስን። ንፋስ።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ለንደን ውስጥ ናትናኤል ዋርድ የሚባል ሐኪም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1829 ነው። ፈርን የሚባለውን አበባ የማያወጣ ተክል ይወዳል። ግን የለንደን የከሰል ጢስ ፈርኖቹን ሁሉ ይገድልበታል። አንድ ቀን የእሳት ራት ከኩብኩባዋ ስትወጣ ለማየት ብሎ እርጥብ አፈር ያለበት ጠርሙስ ውስጥ አስገብቶ ከደናት። ከጊዜ በኋላ ሲያይ ከአፈሩ ፈርንና ሣር በቅሏል። ማንም ውኃ አላጠጣውም። ውኃው ከአፈሩ ይወጣል፣ መስታወቱ ላይ ይጤዛል፣ ተመልሶ ይወርዳል። ለዓመታት እንደዚያ ኖረ። ዋርድ ይህን አይቶ የመስታወት ሣጥን አሠራ። እ.ኤ.አ. በ1833 ሁለት ሣጥን ተክል በመርከብ ወደ አውስትራሊያ ላከ፣ በሕይወት ደረሰ። በኋላ የሻይ ችግኝ ከቻይና ወደ ሕንድ የተጓዘው በዚህ ሣጥን ነው። ዛሬ ቴራሪየም የምንለው ሁሉ የዋርድ ጠርሙስ ልጅ ነው።

ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ አስተምሬዋለሁ። 31 ዓመት ባዮሎጂ ነው ያስተማርኩት። ስለዚህ የእህቴ ልጅ ከውጭ ስትመጣ አምስት ትንንሽ ኦርኪዶች ስታመጣልኝ ምን አደረግሁ? ዋርድ ያደረገውን አደረግሁ። ከመስታወት ቤት ሣጥን አሠራሁ። ቀዳዳ የለውም። በሲሊኮን ተለስኗል። ክዳኑ ግጥም ነው። ውስጡ ሞስ፣ እርጥበቱ 99። መስታወቱ ላይ ጤዛ ይወርዳል። እንዴት ያምራል! እንግዳ ሲመጣ እያሳየሁ ደስ ይለኛል።

በሦስተኛው ወር አንዷ ቅጠሏ ሥር ጥቁር ነጥብ አየሁ። በነጋታው ነጥቡ ሰፋ። በሦስተኛው ቀን ቅጠሉ በእጄ ስነካው ወደቀ። ሻጋታ ነው። ውኃ ያነሳት መስሎኝ ውኃ ጨመርኩላት። ሞተች። ቀጥላ ሁለተኛዋ። እንደዚያው። የማውቀውን ሁሉ አደረግሁ። ሞስ ቀየርኩ። መስታወት አጠብኩ። ክዳኑን ይበልጥ አጠበቅሁት፣ ከውጭ የሚገባ ነገር ነው ብዬ። አለቀስኩ ብላችሁ አትመኑኝም፣ ግን አልቅሻለሁ። የእህቴ ልጅ ለእነዚያ ተክሎች ሰባት ወር ወረቀት ስታሟላ ነበር።

ከዚያ አንድ እሑድ ቡና እያፈላሁ ነው። ሣጥኑ አጠገቤ ነው፣ ልረጭ ብዬ ክዳኑን ከፍቼዋለሁ። ዕጣን ጣል አደረግሁ። ጢሱ ክፍሉ ውስጥ ይዞራል፣ ወደ በሩ ይሄዳል፣ ይጠማዘዛል። ታውቁታላችሁ የዕጣን ጢስ። ከዚያ ትንሽ ጢስ ወደ ሣጥኑ ገባ። ገባና ቆመ። ቆመ! ጥግ ላይ፣ ተክሎቹ መካከል፣ እንደ ጥጥ ተኝቶ ቀረ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ጢስ ይሄዳል፤ ሣጥኑ ውስጥ ያለው አይንቀሳቀስም። ረከቦቱ ፊት ተቀምጬ ጢሱን ሳየው ሱባ ትዝ አለኝ። ያ የነሐሴ ጉም። ጥዱን እያበጠረ የሚያልፈው ጉም። እኔ ጉም ሠራሁ ብዬ የሠራሁት ኩሬ ነው።

የገባችሁ ይመስለኛል። የዋርድ ጠርሙስ ለዋርድ ፈርን ልክ ነበር። የተራራ ኦርኪድ ግን ዛፍ ላይ የሚኖር ነው። ከእግሩ እስከ ራሱ ይርሳል፣ ከዚያ ንፋስ ያደርቀዋል፣ ከዚያ እንደገና ይርሳል። ቅጠሉ ላይ የቆመ ውኃና ያልተንቀሳቀሰ አየር ሲገናኙ ሻጋታ ድግስ ይሆንለታል። እርጥበት አልገደላቸውም። የገደላቸው ቆሞ የቀረ እርጥበት ነው። እስቲ አብራችሁኝ በሉ። ጉም? ቆሞ አያውቅም! አዎ። ልጆች ይበልጧችኋል።

ታዲያ ምን አደረግሁ? ሣጥኑን እንደ ገና አሠራሁ። ቁመቱ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዱና ጥልቀቱ 40። ከፊት ከታች አንድ ጠባብ ክፍተት፣ ከኋላ ከላይ ሌላ ክፍተት፣ ሁለቱም በወንፊት ሽቦ የተሸፈኑ። አየር ከታች ይገባል፣ ሲሞቅ ከላይ ይወጣል። ውስጥ ደግሞ አንዲት ትንሽ የኮምፒውተር ፋን። ከተበላሸ ኮምፒውተር የወጣች ናት። በ12 ቮልት ነው የምትሠራው። ቀስ ብላ ትዞራለች፣ ቀን ከሌሊት። ወደ ተክሎቹ በቀጥታ አትነፋም። ወደ መስታወቱ ትነፋለች፣ አየሩ ዞሮ ይመጣል። ቅጠሎቹ በጣም በትንሹ ሲወዛወዙ ካያችሁ ልክ ነው። ጠዋት የረጫችሁት ከሰዓት በፊት ከቅጠሉ ላይ ደርቆ ሞሱ ብቻ እርጥብ ሆኖ ከቆየ፣ ልክ ነው። ቀኑን ሙሉ ጤዛ መስታወቱን ከሸፈነው ልክ አይደለም። ያምራል፣ ግን ልክ አይደለም።

መብራት ሲጠፋስ? ይጠፋል፣ እናውቃለን። እኔ ፋኗን ከሞተር ሳይክል ባትሪ ጋር አያይዣታለሁ። መብራት ሲመጣ ባትሪው ይሞላል፣ ሲሄድ ፋኗ ትቀጥላለች። ባትሪ ከሌላችሁ ክዳኑን ገርበብ አድርጉት። አንድ ቀን ትንሽ መድረቅ ከአንድ ቀን መታፈን ይሻላል። ሁልጊዜም ይሻላል።

ሥሩ ላይ የሚጠራቀመው ውኃስ? ከታች አራት ጣት ያህል ቀይ አሽ አድርጉ። አዎ፣ መንገድ ሲሠራ የሚነጠፈው ቀይ አሽ! አጥባችሁ፣ አቧራው እስኪለቅ ድረስ። የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፣ ውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው፣ ውኃ ይይዛል፣ አየርም ይይዛል። በሌላ አገር ለዚህ ሥራ በከረጢት የሚሸጥ ጠጠር ይገዛሉ። የእኛ ሰፈር ውስጥ በገልባጭ መኪና ይደፋል።

ንፋሱን ለመሞከር ዛሬም ዕጣን ነው የምጠቀመው። አዲስ ሣጥን ስሠራ፣ ተክል ሳላስገባ፣ ትንሽ ጢስ አስገባና አያለሁ። ጢሱ ዞሮ ከወጣ ሣጥኑ ዝግጁ ነው። ጥግ ላይ ከተኛ ፋኗን አዞራታለሁ። መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም።

እማማ፣ ጥያቄ አለዎት መሰለኝ? ይጠይቁ እንጂ፣ መሃል ላይም ይቻላል።

እማማ የሚሉኝ፣ «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ደክመሽ ለምን ይጠቅማል? መድኃኒት ነው?» ነው። መድኃኒት አይደለም እማማ። አይበላም፣ አይሸጥም። የምመልስልዎት በአንድ የኖረ ነገር ነው።

በ1984 ዓ.ም. መምህር ሆኜ የተመደብኩት ቦንጋ ነው፣ ከፋ። ልጅ ነበርኩ። አከራዬ እንደ እርስዎ ያሉ እናት ነበሩ። ከቤታቸው ኋላ ቡና አላቸው፣ ትልልቅ ዛፍ ጥላ ሥር። አንድ ቀን የቡናውን ግንድ በቢላዋ ሲፍቁ አገኘኋቸው። ሞሱን፣ ሽበቱን፣ ሁሉንም ያራግፋሉ። «ለቡናው ሸክም ነው» አሉኝ። መሬት ላይ ከወደቀው ውስጥ አንድ ነገር ብልጭ አለብኝ። ነጭ አበባ፣ ከኋላው ረጅም ቀጭን ጅራት ያለው። ወደ ቤት ወሰድኩት። ማታ ክፍሌን ሽታው ሞላው። ቀን አይሸትም፣ ማታ ነው። በኋላ ነው ያወቅኩት፣ ኤራንጊስ የሚባል ኦርኪድ ነው። ማታ የሚሸተው የሌሊት እሳት ራት ስለሚጠራ ነው። ጅራቱ ውስጥ ማር አለ፣ የእሳት ራቷ በረጅም ምላሷ ትደርስበታለች። እኔ ባዮሎጂ ተምሬ ተመርቄ ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ ዛፍ ላይ ኦርኪድ እንደሚበቅል ግን አላውቅም ነበር። ያወቅኩት ከቢላዋ ሥር ነው።

አገራችን ከ150 በላይ የኦርኪድ ዝርያ አላት። እንደ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ያሉ ሊቃውንት ዕድሜያቸውን ሰጥተው ዕፅዋታችንን መዝግበዋል። በከፋ፣ በኢሉባቦር፣ በባሌ ሐረና ደን ዛፍ ላይ የሚኖሩ ብዙ አሉ። ቅጠል የሌለውም አለ! ማይክሮሲሊያ ይባላል። ሥሩ ራሱ አረንጓዴ ሆኖ ምግብ ይሠራል። ከጥፍር የማይበልጥ ቅጠል ያላቸው፣ ግንድ ላይ የሚድሁም አሉ። ጥላው ዛፍ ሲመነጠር፣ ቡናው በጣም ሲጸዳ እነዚህ ይጠፋሉ። አከራዬን አልወቅስም፣ ቡናው እንጀራቸው ነው። ማንም አላሳያቸውም። ለእኔም ማንም አላሳየኝም። ለዚህ ነው እማማ የምደክመው። አንድ ልጅ እዚህ ሣጥን ውስጥ አንዷን ካየ፣ ቡና ግንድ ላይ ሲያገኛት ያውቃታል።

ከዚሁ ጋር አንድ ልመና አለኝ፣ ጠንከር አድርጌ ነው የምለምነው። ከደን አታምጡ። ከሐረናም፣ ከቦንጋም፣ ከሱባም። አንዲት የኦርኪድ ፍሬ ውስጥ ዱቄት የሚመስል ዘር በሺህና በመቶ ሺህ አለ። ያ ዘር ግን ስንቅ የለውም። የሚመግበው ፈንገስ ካላገኘ አይበቅልም። ከሺው አንዷ ላትደርስ ትችላለች። ዛፉ ላይ ያያችኋት ያቺ ትንሽ ተክል ስንት አልፋ እንደደረሰች አስቡ። ከደን የመጣች ደግሞ ሣጥን ውስጥ ብዙ ጊዜ አትቆይም። አሁን በላቦራቶሪ የተባዙ አሉ። ሉዊስ ክኑድሰን የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1922 ያለ ፈንገስ፣ በስኳርና በማዕድን ብቻ ዘሩን ማብቀል እንደሚቻል ካሳየ ወዲህ ደኑን መዝረፍ አያስፈልግም። ከውጭም ስታስመጡ በወረቀት ይሁን። ኦርኪዶች በሙሉ የዱር ተክልና እንስሳ ንግድን በሚቆጣጠረው፣ ሳይተስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሥር ናቸው፣ አገራችንም እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ አባል ናት። ሰባት ወር ይፈጃል? ይፍጅ።

የወደቀ ቅርንጫፍ ሌላ ነገር ነው። እዚህ ሣጥን ውስጥ ከታች በስተግራ ያለችው ፖሊስታኪያ ናት፣ የአገራችን ልጅ። አንዲት ወዳጄ ጓሮ ውስጥ ቅርንጫፍ ተሰብሮ ወድቆ ለማገዶ ሊፈለጥ ሲል ነው ያነሳኋት።

እሺ፣ ሣጥኑን የሸፈነውን ነጠላ ልግለጠው። አንድ ሰው መብራቱን ያጥፋልኝ፣ የሣጥኑ ብቻ ይብራ። አመሰግናለሁ።

ከአምስቱ የቀሩት ሁለቱ እነዚህ ናቸው። ቀይዋ ዴንድሮቢየም ናት፣ ከኒው ጊኒ ተራሮች። ቁመቷ ከጣቴ አይበልጥም። አበባዋ ግን ለወራት አይረግፍም። ይህቺኛዋ አምና ታኅሣሥ ከፍታ እስከ ፋሲካ ቆይታልኛለች። ከላይ በስተቀኝ፣ ፋኗ አጠገብ፣ ሌፓንቴስ አለች። ከእሷ ተከፍለው የበቀሉ ሦስት ልጆች አሏት። ዛሬ ሁለት አበባ ከፍታለች፤ አንዱ ቅጠሉ ጀርባ ስለሆነ ጎንበስ ብላችሁ ከሥር እዩት።

አጉሊ መነጽሩ አንድ ብቻ ነው። ልጆቹ ይቅደሙ፣ ከዚያ እማማ፣ ከዚያ በወንበራችሁ ተራ። በሩን ስከፍት ወደ ውስጥ አትተንፍሱ፣ መስታወቱ ይጨልምባችኋል። ና አንተ ልጅ፣ ወንበሩ ላይ ውጣ። አየሃት? ወደ ግራ ትንሽ። አዎ፣ እሷ ናት።